ሃይብሪድ መኪናችሁን በኦቢዲ ስካነር ራሳችሁ መርምሩ፦ ትልቁን ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት

የሃይብሪድ መኪና ክሩስኮት ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሲበራ አብዛኛው ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ትልቁ ባትሪ አልቋል፣ ይቀየር።» እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ጥፋቱ በአቧራ የታፈነ ፋን፣ የደከመ ትንሽ ባለ12 ቮልት ባትሪ ወይም የቆመ የውሃ ፓምፕ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። በእነዚህ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ መኪናው ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ኦቢዲ የሚባለው መኪናው ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት ጥፋት ሲያገኝ «ኮድ» የሚባል አጭር ምልክት ይመዘግባል፤ ስካነሩ ያንን ያነባል።

ይህ መመሪያ መካኒክ ላልሆነ ባለመኪና ነው። ምሳሌ ስፈልግ ብዙ ጊዜ የቶዮታውን ፕሪየስ አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚመረት መኪና ስለሆነ በጣም የታወቀው እሱ ነው። አካሄዱ ግን ለሌሎች ሃይብሪዶችም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ ብርቱካናማውን አትንኩ

ሃይብሪድ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። አንዱ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ነው። ሁለተኛው ግን ሰው የሚገድል ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ትልቁ ባትሪ 201.6 ቮልት ነው። ኢንቨርተር የሚባለው፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚያዘጋጀው ክፍል፣ ይህን በሁለተኛው ትውልድ እስከ 500፣ በሦስተኛው እስከ 650 ቮልት ያሳድገዋል። የዚህ መስመር ኬብሎች ብርቱካናማ ሽፋን አላቸው። ብርቱካናማ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደግነቱ የኦቢዲ ምርመራ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ስካነሩ የሚሰካው በ12 ቮልቱ በኩል ነው። የባትሪ ክዳን መክፈት የግድ ከሆነ ለዚያ የሠለጠነ ሰው ፈልጉ። እንዲህ ያለው ባለሙያ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት ያደርጋል፤ ትልቁን ባትሪ ከመስመሩ የሚለየውን ሰርቪስ ፕለግ ነቅሎ የኢንቨርተሩ ካፓሲተር የያዘው ኤሌክትሪክ እስኪራገፍ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። ይህን የማይጠብቅ ሰው መኪናችሁን ባይነካው ይሻላል።

ሌላም አለ። መኪናው «ሬዲ» የሚል ምልክት ካሳየ ድምፅ ባይኖረውም በርቷል። ሞተሩ በፈለገው ሰዓት በራሱ ይነሳል። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አትመርምሩ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጉ።

1. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ኦቢዲ 2 የሚባለው ሥርዓት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ በአውሮፓ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ። ስለዚህ መንገድ ላይ የምናየው ሃይብሪድ ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ16 ፒን መሰኪያ አለው። መሰኪያው ከመሪው በታች፣ ከክሩስኮቱ ሥር ነው። ጎንበስ ብላችሁ በስልክ መብራት ፈልጉት።

ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ኢኤልኤም 327 በሚባለው ቺፕ የሚሠራ አስማሚ ነው። ከስልካችሁ ጋር በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ይገናኛል። አይፎን ካላችሁ ዋይፋዩን ወይም አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመውን አዲሱን ብሉቱዝ ምረጡ፤ አሮጌው ብሉቱዝ ከአይፎን ጋር አይሠራም። በጣም ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ ቅጂዎች ናቸው። የሞተር ኮድ ያነባሉ፤ የሃይብሪድ ባትሪውን ረጅም መልእክት ሲጠየቁ ግን ይቆራርጣሉ ወይም ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ደህናውን ግዙ።

ሁለተኛው አፕ ነው። ይህኛው ከአስማሚው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ተራ ኮድ አንባቢ የሚያናግረው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሃይብሪድ ውስጥ ግን ለሃይብሪድ ሥርዓቱ፣ ለባትሪው፣ ለፍሬኑ ሌሎች ኮምፒውተሮች አሉ። ዋናው ጉዳይ ያለው እነሱ ጋ ነው። ተራው አንባቢ «ምንም ኮድ የለም» እያለ ቀይ መብራቱ አልጠፋ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዶክተር ፕሪየስ እና ሃይብሪድ አሲስታንት ለቶዮታና ለሌክሰስ ሃይብሪዶች የተሠሩ ናቸው። ካር ስካነር ብዙ ዓይነት መኪና ያውቃል፤ ግን የመኪናችሁን ሞዴል ከዝርዝሩ ውስጥ መርጣችሁ ማስገባት አለባችሁ። ይህን የዘለለ ሰው ግማሹን መረጃ ሳያይ ይቀራል። ላፕቶፕ ያለው ሰው የቶዮታ የራሱ ፕሮግራም የሆነውን ቴክስትሪም ቢያገኝ ደግሞ ከሁሉም የተሟላው እሱ ነው።

ሦስተኛው ተራ መልቲሜትር ነው። ቀጥሎ ላለው ሥራ ይፈለጋል።

2. ትንሹን ባትሪ ፈትሹ

ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። የሃይብሪድ ምርመራ እዚህ ይጀመር የምለው ከልቤ ነው።

በቤንዚን መኪና 12 ቮልቱ ሲደክም ሞተሪኖው እያቃሰተ ይናገራል። አብዛኛው ሃይብሪድ ሞተሪኖ የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው በትልቁ ባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የትንሹ ባትሪ ሥራ ኮምፒውተሮቹን ማንቃትና ትልቁን ባትሪ በሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ማብሪያዎች፣ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ ሲደክም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ድንገት መብራቶች ይንተገተጋሉ፣ ሪሌ ይንጫጫል፣ መኪናው «ሬዲ» አልል ይላል። ቮልቴጁ የወረደባቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸውና የኮድ መዓት ይመዘግባሉ። ያንን ዝርዝር ያየ ሰው መኪናው በሙሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ ከቆመ በኋላ ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው። ከ11.8 በታች ባዶ ነው በሉት። ቀጥሎ መኪናውን ሳታስነሱ የፊት መብራቱን ለአንድ ደቂቃ አብሩትና እንደገና ለኩ። ከ12 በታች በፍጥነት የሚንሸራተት ከሆነ ባትሪው አቅም የለውም፤ መጀመሪያ ላይ 12.6 ማሳየቱ አያታልላችሁ።

አሁን ፍሬን ረግጣችሁ መኪናውን «ሬዲ» አድርጉት። ቁጥሩ ወደ 13.5 እስከ 14.5 መውጣት አለበት። አብዛኛው ሃይብሪድ ዲናሞ የለውም። 12 ቮልቱን የሚሞላው ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር የሚባል ክፍል ነው፤ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ ታች ያወርድለታል። «ሬዲ» ላይ ሆኖ ቁጥሩ 12 አካባቢ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን መሙያው ነው። በዚህ ሁኔታ ሩቅ መንገድ አትጀምሩ።

ባትሪው የት እንዳለ አታውቁ ይሆናል። በብዙ ፕሪየሶች ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው፤ በአራተኛው ትውልድ ላይ ግን ኮፈኑ ሥር ነው። ኬብል ለመስጠት ስትገደዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በሃይብሪድ ላይ ተገላብጦ የተሰጠ ኬብል ውድ ዕቃ ያቃጥላል።

12 ቮልቱ ደካማ ከሆነ ሞሉት ወይም ቀይሩት፣ ከዚያ ኮዶቹን እንደገና አንብቡ። ግማሾቹ ድጋሚ ላይመጡ ይችላሉ።

3. ሰክታችሁ አንብቡ፣ ግን አታጥፉ

አስማሚውን ሰኩ። ፍሬን ሳትረግጡ የፓወር ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ክሩስኮቱ ይበራል፣ «ሬዲ» ግን አይመጣም። ኮድ ለማንበብ ይህ ይበቃል። መኪናው «ሬዲ» ማለት እምቢ ብሎም ከሆነ በዚህ መንገድ ማንበብ ትችላላችሁ።

አፑ ላይ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ምረጡ። «ሁሉንም ኮምፒውተሮች መርምር» የሚል አማራጭ ካለ እሱን ተጫኑ። የሚወጣውን ዝርዝር በሙሉ ስክሪንሾት አንሱ፤ የትኛው ኮድ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ጭምር ይታይ።

ከዚያ ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ክፈቱ። ኮዱ በተመዘገበባት ቅጽበት መኪናው ምን እያደረገ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ነው። ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የባትሪው ቻርጅ፣ የባትሪው ሙቀት እዚያ አለ። ብዙ ሰው ኮዱን አይቶ ይህን ሳይከፍት ያልፋል። እኔ ግን ከኮዱ እኩል ዋጋ እሰጠዋለሁ። ባትሪው 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እያለ የመጣ ኮድና ማለዳ በ15 ዲግሪ የመጣ ያው ኮድ አንድ ዓይነት በሽታ አይናገሩም።

«ኮድ አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ለጊዜው እርሱት። ስታጠፉት ፍሪዝ ፍሬሙም አብሮ ይሄዳል። ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ኮድ የሚያጠፋ ሰው ማስረጃውን ነው የሚያጠፋው።

4. ኮዱን መተርጎም

ኮዱ ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል ይታያል። እዚህ እንደ አነባበቡ ጽፌዋለሁ፤ ፒ0ኤ80 ያልኩት ፒ፣ ዜሮ፣ ኤ፣ ስምንት፣ ዜሮ ነው።

የመጀመሪያው ፊደል ክፍሉን ይናገራል። ፒ የሞተርና የኃይል ማስተላለፊያ ነው። ሲ ፍሬንና የመኪናው የታችኛው ክፍል፣ ቢ ካቢኑ፣ ዩ ደግሞ በኮምፒውተሮች መካከል ያለ ግንኙነት ነው። ቀጥሎ ዜሮ ካለ ለሁሉም አምራች የጋራ ኮድ ነው፤ 1 ካለ የአምራቹ የራሱ ነው። በ«ፒ0ኤ» የሚጀምሩት ለሃይብሪድ ሥርዓት የተመደቡ ናቸው።

ብዙ ኮድ አብሮ ሲመጣ ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዱ ዋናው ነው፣ ሌሎቹ ተከትለው የመጡ ናቸው። ለምሳሌ በቶዮታ ሲ1259 እና ሲ1310 የሚመጡት ከፍሬኑ ኮምፒውተር ነው። የሚሉት ግን «ሃይብሪዱ ላይ ችግር አለ» ነው። ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ ጎረቤቱን እየጠቆመ ነው። ፒ3000ም እንዲሁ የባትሪ መቆጣጠሪያው ላይ ችግር አለ ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ አብሮት ያለውን ሌላ ኮድ እዩ።

ሲ1391ን ግን አትናቁት። የፍሬኑን ግፊት የሚያከማቸው ክፍል ግፊት እየለቀቀ መሆኑን የሚናገር ኮድ ነው። እንዲህ ያለ የፍሬን ኮድ ካያችሁ ምርመራው እዚያው ይብቃ፤ መኪናው ተጭኖ ጋራዥ ይግባ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያደናግር ፒ0ኤ0ዲ ነው። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ የደኅንነት መቆለፊያ አልተዘጋም ማለት ነው። ባትሪ ከተነካ በኋላ መኪናው «ሬዲ» አልል ካለና ይህ ኮድ ካለ፣ የሰርቪስ ፕለጉ እጀታ እስከ መጨረሻው አልገባ ይሆናል። በፕሪየስ እጀታው ገብቶ፣ ዞሮ፣ ከዚያ ወደታች ተንሸራቶ ነው የሚቆለፈው። የመጨረሻዋን ማንሸራተት የረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ችግር ሲፈልግ ይውላል። የሠራው ባለሙያ ተመልሶ ያረጋግጥ።

5. ፒ0ኤ80፦ ትልቁ ባትሪ በእውነት አልቋል?

የዚህ ኮድ ትርጉም በቀጥታ ሲነበብ «የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይር» ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ያቆማል። እኔ ደግሞ ምርመራው ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ። ኮምፒውተሩ ባትሪው ውስጥ ገብቶ አላየም። ያየው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ምን እንዳመጣው የእኛ ሥራ ነው።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎች፣ ማለትም ተያይዘው የተደረደሩ ትናንሽ ባትሪዎች፣ አሉት። እያንዳንዱ 7.2 ቮልት ነው። ኮምፒውተሩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ 14 ብሎክ ነው የሚለካው። ስለዚህ አፑ ላይ 14 ቁጥር ታያላችሁ። በሥራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ15 እና በ16.5 መካከል ይወዛወዛሉ። እዚህ ላይ ዋናው የቁጥሩ መጠን አይደለም። 14ቱ አብረው መውጣታቸውና አብረው መውረዳቸው ነው።

ፈተናውን በሦስት ሁኔታ ሥሩት።

መጀመሪያ መኪናው «ሬዲ» ላይ ቆሞ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ተመልከቱ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ብሎክ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ። ጤነኛ ባትሪ ላይ ይህ በጣም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ባትሪው ኃይል እያወጣ እያለ ነው። ባዶ መንገድ ላይ አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ስልኩን ይይዝ። እየነዳችሁ ስክሪን አትዩ። ከቆመበት ጠንከር አድርጎ ነዳጅ መስጠት ነው፣ ለጥቂት ሴኮንድ። ደካማ ብሎክ ካለ ሌሎቹ ትንሽ ሲወርዱ እሱ ብቻ ዘጭ ይላል።

መጨረሻ ባትሪው እየተሞላ እያለ እዩት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ወይም ፍሬን ረገጥ አድርጋችሁ ፍጥነት ስትቀንሱ ባትሪው ይሞላል። አቅሙ ያነሰ ብሎክ እዚህ ላይ በተቃራኒው ከሁሉም በላይ ይዘላል። ሲያወጣ ከሁሉም በታች፣ ሲሞላ ከሁሉም በላይ የሚሆን አንድ ብሎክ ካገኛችሁ ባትሪው ውስጥ ደካማ ሞጁል አለ ብሎ መናገር ይቻላል።

ቁጥር ለምትፈልጉ፣ ጎን ለጎን ባሉ ጥንድ ብሎኮች መካከል በጭነት ጊዜ 0.3 ቮልትና ከዚያ በላይ ልዩነት ከታየ ጥርጣሬው በቂ ነው። ከ1 ቮልት ካለፈ ክርክር የለውም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ብሎኮች አንዱ ከልክ በላይ ከፍ፣ ሌላው በዚያው ልክ ዝቅ ብለው ቢታዩ ሞጁሉን ከመወንጀላችሁ በፊት ሽቦውን ጠርጥሩ። ሁለቱ የሚጋሩት የመለኪያ ሽቦ ወይም የመዳብ ማያያዣ ሲዝግ ንባቡ እንዲህ ይዛባል። ዝገቱን የሚያጸዳው ባለሙያ ነው። ሥራው ግን ባትሪ ከመቀየር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ደካሞቹ ብሎኮች መሃል አካባቢ ከተሰበሰቡም ትርጉም አለው። መሃል ያሉት ሞጁሎች ሙቀታቸውን ለመጣል ይቸገራሉ፣ ስለዚህ ቀድመው ያረጃሉ። ሙቀት ባትሪውን እየጎዳው እንደነበር ይነግሯችኋል። አዲስ ባትሪ አስገብታችሁ የሙቀቱን ምንጭ ካልፈታችሁ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የቻርጅ መቶኛውንም ተከታተሉ። መኪናው ባትሪውን በግምት በ40 እና በ80 በመቶ መካከል ነው የሚያቆየው፤ 60 አካባቢ መሆን ይወዳል። ስለዚህ 60 በመቶ ስታዩ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ መዝለል ነው። ያ አቅም ማጣት ነው።

አንዳንድ አፕ «የሃይብሪድ ባትሪ ቀሪ ዕድሜ» የሚል ቁጥር ያሳያል። በብዙ መኪና ላይ ይህ ቁጥር የሚያሳየው የአሁኑን ቻርጅ እንጂ የባትሪውን ጤና አይደለም። በዚህ ቁጥር ተመርቶ ባትሪ የሚቀይር ወይም መኪና የሚገዛ ሰው ይሳሳታል።

ሊቲየም ባትሪ ያለው ሃይብሪድ ላይ ንባቡ ሴል በሴል ነው። ልዩነቱም በጣም ጠባብ መሆን አለበት፤ መኪናው ቆሞ እያለ የቮልት ጥቂት መቶኛ ብቻ።

ባትሪው በእውነት ደካማ ከሆነስ? አንድ ሞጁል ብቻ ቀይሮ መሄድ ይቻላል ይባላል። እኔ አልመክረውም። ሌሎቹ እኩል አርጅተዋል፤ አዲሱ ከእነሱ ጋር አቅሙ አይመጣጠንም፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይወድቃል። ጊዜ መግዣ ነው ብላችሁ ካመናችሁበት አድርጉት። ጥገና ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ።

6. ሙቀቱን ተከተሉ

ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው በብዙ ሃይብሪዶች ከካቢኑ የሚሳብ አየር ነው። መሳቢያው ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ጎን ወይም ሥር ነው። ቦርሳ ይደረደርበታል፣ ልብስ ይሸፍነዋል፣ አቧራና የእንስሳ ፀጉር ይሞላዋል። ባትሪው ግን ስለ መታፈኑ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይበስላል።

አፑ ላይ የባትሪውን የሙቀት ሴንሰሮች፣ የሚገባውን አየር ሙቀትና የፋኑን ፍጥነት አንድ ላይ አውጡ። ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ተመልከቱ። ፋኑ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ነው እየተባለ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ አልወርድ ካለ አየሩ አይደርስም ማለት ነው። አንዳንድ አፖች ፋኑን በትእዛዝ ያስነሳሉ። አስነሱትና እጃችሁን መሳቢያው ላይ አድርጉ። ፋኑ ይጮኻል፣ ግን አየር ሲሳብ አይሰማችሁም? ማጣሪያውን አውጥታችሁ አጽዱ፤ ካልተሻለ ፋኑ ራሱ ወጥቶ ይጽዳ። ፒ0ኤ82 የሚለው ኮድ በቀጥታ ስለዚህ ፋን ነው። ከፒ0ኤ80 ጋር አብሮ ካያችሁት ከፋኑ ጀምሩ።

ኢንቨርተሩም የራሱ ማቀዝቀዣ አለው። በብዙ ሃይብሪዶች ከሞተሩ ውሃ የተለየ፣ የራሱ ማጠራቀሚያና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ያለው መስመር ነው። ፓምፑ ሲቆም ፒ0ኤ93 ይመጣል። መኪናው ኃይል ይቀንሳል፣ በተለይ ዳገት ላይና በሙቀት ጊዜ። ምርመራው ቀላል ነው። መኪናውን «ሬዲ» አድርጉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የኢንቨርተሩን ውሃ ማጠራቀሚያ ተመልከቱ። መጀመሪያ ውሃው በመስመሩ ልክ አለ? ቀጥሎ፣ በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውሃው ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። የማይንቀሳቀስ ከሆነ የፓምፑን ፊውዝ እዩ፣ ከዚያ ፓምፑን። በዚህ ኮድ ላይ ዝም ብሎ መንዳት ኢንቨርተሩን ማቃጠል ነው።

7. ፒ0ኤኤ6፦ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ

ከፍተኛው ቮልቴጅ ከመኪናው አካል ጋር መነካካት የለበትም። መከላከያው ሲዳከም ይህ ኮድ ይመጣል። እዚህ የእናንተ ድርሻ ማስተዋል ብቻ ነው፤ መንካት የለም። ለባለሙያው የምታመጡት ማስረጃ ግን ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ኮዱ የሚመጣው ኤሲ ስታበሩ ነው? የኤሲው ኮምፕረሰር ይጠረጠራል። የሃይብሪድ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው የሚፈልገው። ጋዝ ሲሞላ ተራው የመኪና ኤሲ ዘይት ከተጨመረበት መከላከያው ይዳከማል። በቅርቡ ኤሲ ካስሞላችሁ ይህን ተናገሩ። ማርሽ ስታስገቡ ብቻ ከሆነ የሚመጣው ወደ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ያመለክታል። ምንም ሳትነኩ፣ ገና «ሬዲ» ሲል ከሆነ ባትሪው ውስጥ ያፈሰሰ ሞጁል ሊኖር ይችላል።

ቶዮታ ላይ ከኮዱ ሥር ሦስት አሃዝ ያለው ተጨማሪ ቁጥር አለ። 611 ወደ ኤሲው፣ 612 ወደ ባትሪው፣ 613 ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ 614 ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ ይጠቁማል። 526 ብቻ ከሆነ ገና ቦታው አልተለየም። ይህን ቁጥር ቴክስትሪምና ጥቂት አፖች ያሳያሉ።

8. ቤንዚን ሞተሩም አለ

ሃይብሪድ ስለሆነ ሁሉም ጥፋት የኤሌክትሪክ አይደለም። ፒ0ኤ0ኤፍ፣ ፒ3190 ወይም ፒ3191 ካያችሁ ሞተሩ ተነስ ተብሎ አልነሳም፣ ወይም በቂ ጉልበት አልሰጠም ማለት ነው። ከምንም በፊት ነዳጅ መኖሩን አረጋግጡ። ታንከሩ ደርቆ እነዚህ ኮዶች መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ ጌጁን ብቻ አትመኑ።

ነዳጅ ካለ ላይቭ ዳታ፣ ማለትም መኪናው አሁን የሚለካቸው ቁጥሮች በሚታዩበት ገጽ ላይ፣ የነዳጅ ማስተካከያውን ተመልከቱ። የአጭርና የረጅም ጊዜ ሁለት መቶኛ አለ። ደምራችኋቸው ከ10 በመቶ ብዙ ካለፉ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም ደካማ የነዳጅ ግፊት ፈልጉ።

ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥና በፒ030 የሚጀምር የመሳት ኮድ የሚሰጥ ከሆነ ካንዴላና ኮይል ከመቀየር በፊት የራዲያተር ውሃውን ልክ እዩ። የትም ሳያፈስ ውሃው እየቀነሰ ከሆነ የቴስታታው ጋስኬት አሳልፎ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ በሰፊው የታወቀ ችግር ነው።

ሞተሩ በቆመበት የማይጠፋ፣ ነዳጅም የበላ ከሆነ የውሃውን ሙቀት ተከታተሉ። ሃይብሪድ ሞተሩ ሳይሞቅ አያጠፋውም። በመንገድ ላይ ከ80 ዲግሪ በታች እየዋለለ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ስትለኩ ሞተሩ እየጠፋ ያስቸግራችሁ ይሆናል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ የጥገና ሁነታ አለ። ፍሬን ሳትረግጡ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ማርሹ ፒ ላይ እያለ ነዳጅ መስጫውን ሁለት ጊዜ እስከ ታች ርገጡ። ወደ ኤን ቀይራችሁ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ፒ መልሳችሁ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ አስነሱ። ሁሉም በ60 ሴኮንድ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ሞተሩ እስክታጠፉት ሳይቆም ይሠራል። በዚህ ሁነታ መንገድ አትውጡ።

9. አሁን አጥፉ፣ ከዚያ አረጋግጡ

ጥገናው ከተሠራ በኋላ ኮዱን አጥፉ። መብራቱ መጥፋቱ መፈወሱን አያሳይም። ኮምፒውተሩ ምርመራዎቹን ከዜሮ መጀመር አለበት፤ አፑ ላይ «ዝግጁነት» በሚለው ገጽ ሥር እያንዳንዱ ምርመራ መጠናቀቁን ያሳያል። ቀዝቅዞ ካደረ መነሳትን፣ ከተማ ውስጥ መቆም መነሳትን፣ ወጣ ብሎ በእኩል ፍጥነት መሄድን ጨምራችሁ ለጥቂት ቀን ንዱት። «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ዝርዝር ደጋግማችሁ እዩ። ችግሩ ካልተፈታ የማስጠንቀቂያው መብራት ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት ኮዱ እዚያ ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች «ቋሚ ኮድ» የሚባልም ይይዛሉ። ይህን ስካነር አያጠፋውም። መኪናው ራሱ ፈትኖ ጤነኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ያጠፋዋል።

ስትጨርሱ አስማሚውን ንቀሉት። ተሰክቶ ካደረ ከትንሹ ባትሪ ኃይል ይስባል።

ያገለገለ ሃይብሪድ ልትገዙ ከሆነ

ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያስደስታችሁ። ላይቭ ዳታ ውስጥ «ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተሄደ ርቀት» እና «ኮድ ከጠፋ ወዲህ ሞተሩ የሞቀበት ብዛት» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ኮድ አጥፍቷል፣ ወይም ባትሪ ነቅሏል ማለት ነው። የዝግጁነት ገጹም አብዛኛው ያልተጠናቀቀ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ጠይቁ። 12 ቮልቱ ተቀይሮ ነው ካሏችሁ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ባትሪ ተመልከቱ።

መኪናው ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የጠዋቱን መንቀጥቀጥ አታዩትም። ከዚያ አንድ ጓደኛ አስከትላችሁ በ5ኛው ክፍል የጻፍኩትን የ14ቱን ብሎኮች ፈተና ሙሉውን ሥሩ፤ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት መንገድ ምረጡ። ባትሪው አዲስ ነው ከተባላችሁም ሥሩት፤ አዲስ ባትሪ 14ቱም ተስተካክለው ይሄዳሉ። ሻጩ ስካነር መሰካት ካልፈቀደ ሌላ መኪና እዩ።